የሺማሳኒ ላቫንዲኖ፦ ከናቫሆ ምድር የሥራ ማስታወሻ

ሰኞ፣ ኦክቶበር 21 ቀን 2024

ይህን መጻፍ የጀመርኩት ዘመድ አዝማድ እየደወለ "እዚያ በረሃ ውስጥ ቀኑን ሙሉ ምን ትሠራላችሁ?" ስለሚለን ነው። መልሱ አጭር ነው። ውሃ እናመላልሳለን።

እኔና ባለቤቴ ጡረታ ወጥተን ከዴንቨር የመጣን ነን። እሱ የአውቶቡስ መካኒክ ነበር፣ እኔ ደግሞ አረጋውያን መንከባከቢያ ውስጥ ነው የሠራሁት። ቤተ ክርስቲያናችን በዕድሜ የገፉ ባልና ሚስቶችን ለአገልግሎት ስትልክ ተመዘገብን፣ የደረሰን ቺንሊ፣ አሪዞና ሆነ። ናቫሆዎች የአሜሪካ ነባር ሕዝብ ናቸው፤ ምድራቸው ሲባል አንድ መንደር እንዳይመስላችሁ። ወደ 70 ሺህ ካሬ ኪሎ ሜትር ነው፤ አሪዞና፣ ኒው ሜክሲኮና ዩታ ውስጥ ይገባል፣ የራሱ ፕሬዚዳንት፣ ምክር ቤትና ፖሊስ አለው። ከሦስት ቤት አንዱ ገደማ ግን የቧንቧ ውሃ የለውም። አሜሪካ ውስጥ ነው የማወራው።

የአሁኑ ሥራችን አንዲት እናት ቤት ላቫንዲኖ መትከል ነው። አካባቢው ሁሉ ሺማሳኒ ይላቸዋል፣ "አያቴ" ማለት ነው፣ እኛም እንደ ሰው ሺማሳኒ እንላቸዋለን። ቤታቸው ከቺንሊ ወደ ምዕራብ፣ ወደ ብላክ ሜሳ በሚወስደው የአፈር መንገድ ላይ ነው። ትንሽ የጣውላ ቤት አለቻቸው፣ ከጎኗ ስምንት ማዕዘን ያለው የግንድ ሆጋን (የናቫሆ ባህላዊ ቤት)፣ በሩ እንደ ደንቡ ወደ ምሥራቅ፣ ከኋላ የበጎች በረት። መብራት የለም። ውሃው በርሜል ውስጥ ነው፤ በጆግ እየቀዱ ሳፋ ላይ ያጥባሉ፣ እጣቢውን ይዘው ወጥተው ደጅ ያለች የኮክ ዛፍ ሥር ይደፉታል። አሁን ጉልበታቸውን ስላመማቸው ባልዲ ማንሳት ከብዷቸዋል።

ዕቅዱ ደጅ አንድ ሮቶ፣ ቤት ውስጥ አንድ ላቫንዲኖ፣ መሀል ላይ በሶላር የምትሠራ ትንሽ ፓምፕ ነው። አለቀ።

ማክሰኞ

ዛሬ ምንም አልተቆፈረ፣ ምንም አልተሰረሰረ። ቀኑ ያለቀው ላቫንዲኖው የት ይቀመጥ በሚል ነው።

ባለቤቴ ሜትሩን ዘርግቶ የሰሜኑን ግድግዳ መረጠ። ባዶ ቦታ አለው፣ ቧንቧውም ያጥራል። ሺማሳኒ እስኪጨርስ ሰሙትና በከንፈራቸው ወደ ደቡቡ መስኮት ጠቆሙ። (እዚህ ሰውን በጣት መጠቆም ነውር ነው። እኔም ለምጄዋለሁ፣ ዴንቨር ስመለስ ሱቅ ውስጥ ዳቦ በከንፈሬ እንደማሳይ ይታየኛል።) የልጅ ልጃቸው ነው የሚያስተረጉምልን። "ዕቃ ሳጥብ በጎቼን ማየት አለብኝ ይላሉ" አለን። ባለቤቴ ስለ ቧንቧ ርዝመት ማስረዳት ጀመረ። እሳቸው ቡናቸውን ጠጡ። ሲጨርስ አሁንም ከንፈራቸው ወደ መስኮቱ።

ደቡብ ሆነ። ማታ ቤት ገብተን ስናስበው ለሮቶውም የሚሻለው እሱ ነው፤ በብርዱ ወራት ፀሐይ የሚያገኘው ያ ግድግዳ ነው፣ ሌሊት ሌሊት ደግሞ ከወዲሁ ባልዲ ላይ በረዶ መያዝ ጀምሯል። ባለቤቴ ይህን ጮክ ብሎ አላመነም። የልጅ ልጃቸው ግን ገብቶታል፣ ሲሸኘን ይስቅ ነበር።

ረቡዕ

ለዕቃ ጋላፕ ሄድን። መቶ ማይል ሊሞላ ትንሽ ነው የሚቀረው፣ በጋናዶ አድርገን፣ ዋና ከተማቸውን ዊንዶው ሮክን አልፈን። መንገዱ ሙሉ በሙሉ ከእኛ በፊት የመጡ ሚሲዮናውያን ታሪክ ነው። ጋናዶ ላይ ፕሬስቢቴሪያኖች በ1901 የጀመሩት አለ፣ ዊንዶው ሮክ ሳይደርሱ ሴንት ማይክልስ አለ፣ ፍራንሲስካኖች በ1898 የገቡበት፣ ጋላፕ አጠገብ ደግሞ ሪሆቦት። ሆስፒታል ሠርተዋል፣ ቋንቋውን በፊደል አስፍረዋል። ልጆች ከእናቶቻቸው ተለይተው የሚያድሩባቸው ትምህርት ቤቶችም ነበሯቸው። ይህ ሁሉ ከእኛ ጋር መኪና ውስጥ ተሳፍሮ ነው ሰው ደጅ የምንደርሰው። በር እንኳ አናንኳኳም። ገጠር ውስጥ ደንቡ መኪናህን አቁመህ፣ ቁጭ ብለህ፣ የቤቱ ሰው እስኪወጣ መጠበቅ ነው። ካልወጣ አልፈለገህም ማለት ነው፣ ትመለሳለህ። መጀመሪያ ላይ ከብዶኝ ነበር፣ አሁን ዓለም ሁሉ እንዲህ በሆነ እላለሁ።

ለሚሠራው ሰው እንዲጠቅም የገዛነውን ልዘርዝር። ሮቶው በብረት ፍርግርግ የታሰረ 275 ጋሎን የሚይዝ ያገለገለ ፕላስቲክ ነው፤ እንዲህ ዓይነቱን ስትገዙ የመጀመሪያው ጥያቄ ዋጋ ሳይሆን "ቀድሞ ምን ነበረበት?" ነው። የእኛው የምግብ ሽሮፕ ነበረበት። ፓምፗ ባለ 12 ቮልት፣ በደቂቃ ሦስት ጋሎን ገደማ የምትገፋ፣ ቧንቧው ሲዘጋ በግፊት ራሷን የምታጠፋ ናት፣ ተጓዦች ካራቫን ውስጥ የሚገጥሟት ዓይነት። ከፊቷ ወንፊት ያስፈልጋል፣ አሸዋ ትጠላለች። ባለ 100 ዋት ሶላር፣ መቆጣጠሪያው፣ ፊውዝ፣ ግማሽ ኢንች ፔክስ (ተጣጣፊ ፕላስቲክ) ቧንቧና የመዳብ ቀለበቶቹ። ፔክስ የመረጥነው ውሃ ሲረጋበት ከመዳብ ይልቅ ስለሚታገሥ ነው።

ባትሪ አላገኘንም። ፍላግስታፍ ያለ ሱቅ አለን አለ፣ "በሁለት ሰዓት እንከፍታለን።" በማን ሁለት ሰዓት? የናቫሆ ምድር በበጋ ሰዓቱን ይቀይራል፣ የቀረው አሪዞና አይቀይርም፣ በናቫሆ ምድር መሀል ያለው የሆፒዎች፣ የሌላ ነባር ሕዝብ፣ ምድር ደግሞ እንደ አሪዞና ነው። ከዚህ ወደ ቱባ ሲቲ የሚሄድ ሰው ሰዓቱ ወደ ኋላ ሄዶ እንደገና ወደ ፊት ይመለስበታል። የእኛ ቤት ግድግዳ ላይ ያለው ደግሞ በሀበሻ ነው የሚቆጥረው፤ የልጅ ልጃቸው አንድ ቀን አይቶት "ይሄስ የየትኛው ጎሳ ነው?" አለ።

ዓርብ፣ ኦክቶበር 25

የሮቶውን መሠረት ሠራን። ሮቶው ሲሞላ ውሃው ብቻ ከአንድ ቶን ያልፋል፣ ስለዚህ ለስላሳው አሸዋ ተዝቆ ጠጠር ተደለደለ፣ ተጠቀጠቀ፣ ከላይ ብሎኬት። ዶማው የባለቤቴ፣ አካፋው የልጅ ልጃቸው፣ ውሃ ልኩ የኔ።

ሬዲዮው በር ላይ ተከፍቶ ነበር። የዛሬው ወሬ ፕሬዚዳንት ባይደን እዚሁ አሪዞና ውስጥ ሂላ ሪቨር ተገኝተው የነባር ሕዝብ ልጆች ከቤታቸው እየተወሰዱ ስለገቡባቸው የመንግሥት አዳሪ ትምህርት ቤቶች ይቅርታ መጠየቃቸው ነው። ሺማሳኒ ልጅ ሳሉ ከተወሰዱት ናቸው። ፀጉራቸውን ቆርጠዋቸዋል፣ በገዛ ቋንቋቸው በመናገራቸው ተቀጥተዋል፤ ይህን የነገሩን እኛ ጠይቀናቸው አይደለም፣ አንድ ቀን የበግ ፀጉር እያበጠሩ በመሀል ጣል አድርገውት ነው። ዛሬ ድምፁን ጨምር አሉ። ቆመው እስከ መጨረሻው ሰሙ። ከዚያ ወደ እኛ መጥተው በዱላቸው ብሎኬት ነኩና አንድ ነገር አሉ።

"ምን አሉ?" አልኩ፣ ልቤ እንደ መሸበር ብሎ።

"ያኛው ብሎኬት ተጣሟል ነው የሚሉት።"

ውሃ ልኩን አስቀመጥኩት። ተጣሟል።

ቅዳሜ

ዛሬ የውሃ ወረፋ። ውሃ የሚቀዳው ከቻፕተሩ ነው፤ ቻፕተር የእኛን ቀበሌ የሚመስል ነገር ሲሆን በመላው ምድር 110 አሉ። በየሜዳው በንፋስ የሚሽከረከሩ የከብት ጉድጓዶች ታያላችሁ፣ ቅርብም ናቸው፣ ግን ለሰው አይሆኑም። አንዳንዶቹ ውስጥ አርሰኒክና ዩራኒየም አለ። ከ1944 እስከ 1986 ድረስ ለአሜሪካ የኑክሌር ሥራ እዚህ ዩራኒየም ሲወጣ ኖሯል፣ ከ500 በላይ የተተዉ ማውጫዎች ቀርተዋል። ስለዚህ ሰው ጉድጓዱን አልፎ ሩቅ ነድቶ ይቀዳል።

ወረፋው ላይ ፒክአፖች ተደርድረዋል፣ ሁሉም ጀርባው ላይ በርሜል ወይም እንደኛ ሮቶ። ዜና የሚሰማው እዚያ ነው። ማን ታመመ፣ የማን በግ ጠፋ፣ ፍርድ ቤት ምን አለ። ባለፈው ዓመት ጁን ላይ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ 5 ለ 4 የወሰነውን ሰው አሁንም ያነሳዋል፤ ናቫሆዎች ከአሜሪካ መንግሥት ጋር የተፈራረሙት የ1868ቱ ስምምነት መንግሥትን ውሃ ፈልጎ እንዲያቀርብላቸው አያስገድደውም ብሏል። ከፊታችን የነበሩ አንድ ሽማግሌ፣ የከሰል ማዕድን ሠራተኛ የነበሩ፣ ይህን በሌላ በኩል ነው የሚያዩት። ብላክ ሜሳ አካባቢ ይወጣ የነበረው ከሰል ፔጅ አጠገብ ያለውን ትልቁን የኃይል ጣቢያ ያነድድ ነበር፣ የጣቢያው መብራት ደግሞ የኮሎራዶን ወንዝ ውሃ ወደ ፊኒክስና ቱሳን የሚገፉትን ፓምፖች ያሽከረክር ነበር። "ውሃቸውን እኔ ነኝ ስገፋላቸው የኖርኩት" አሉ፣ የራሳቸውን በርሜል ክዳን እየከፈቱ። ጣቢያው በ2019 ተዘጋ። ከሱ ጋር ሰው ለቤቱ የሚያነድደው ከሰልም ቀረ፣ ለዚህ ነው አሁን ለሰው እንጨት የማመላለስ ሥራ የበዛብን።

ሮቶውን ለማጠብ ዘዴ ፈጠርን። ደንቡ ሞልተህ በረኪና ጨምረህ ማሳደር ነው፣ ግን 275 ጋሎን ቀድቶ መድፋት እዚህ ኃጢአት ነው። እኛ ሃያ አምስት ጋሎን ገደማ አድርገን፣ ሽታ የሌለው በረኪና አንድ የሻይ ብርጭቆ ጨምረን፣ መኪናው ላይ በሚገባ አስረን መንገዱን ለቀቅንበት። የሺማሳኒ መንገድ የሚያንቀጠቅጥ ነው፣ ውሃው ግድግዳውን ሁሉ ሲመታ ደረሰ። የላይኛውን በረጅም ብሩሽ አሸን። በውሃው መጸዳጃውንና የበጎቹን መጠጫ ገንዳዎች አጠብንበት፣ በኋላ ገንዳዎቹን በንጹህ ውሃ አለቀለቅናቸው።

ሙሉውን ግን በአንዴ አናመጣም። መኪናችን አይችልም። መቶ ሃምሳ ጋሎን ላይ እናቆማለን፣ ግማሽ የሆነ ውሃ ደግሞ ኩርባ ላይ ስለሚወዛወዝ ቀስ ነው።

እሑድ

ቤተ ክርስቲያን። ሰው ጥቂት፣ መዝሙር ብዙ፣ ስብከቱ በእንግሊዝኛና በናቫሆ። ሙሉው መጽሐፍ ቅዱስ በናቫሆ የወጣው በ1985 ነው፣ ሽማግሌዎቹ ገጹ እስኪሳሳ አንብበውታል። ከዚያ የበግ ሾርባና በዘይት የተጠበሰ ዳቦ። ሺማሳኒ አንዳንዴ ይመጣሉ፣ አንዳንዴ ደግሞ በዚያው ሳምንት የባህሉ ሐኪም ዘንድ ይሄዳሉ። የላከን ቢሮ በየወሩ የሚያስሞላን ቅጽ ለዚህ ዓይነት ሰው ሣጥን የለውም። "ስንት ቤት ጎበኛችሁ፣ ስንት ሰው ለማመን ወሰነ?" ይላል። ውሃ የሚጻፍበት መስመርም የለም፤ ባለቤቴ "ሌላ" ከሚለው ሥር በጋሎን ይሞላዋል። እስካሁን የጠየቀን የለም።

ረቡዕ፣ ኦክቶበር 30

ሮቶው ቦታው ላይ ተቀመጠ። ነጭ ፕላስቲክ ብርሃን ስለሚያስገባ ውሃው አረንጓዴ ያበቅላል፣ ስለዚህ ዙሪያውን ጥቁር ሸራ፣ በላዩ የፎም ሰሌዳ፣ ከሰሜንና ከምዕራብ የድርቆሽ እስር። ቧንቧው ከሮቶው ሥር ቀጥ ብሎ ግድግዳውን ሰንጥቆ ይገባል፣ ደጅ የሚታይ አንድ ስንዝር አይሆንም። ለብርድ የሚጋለጠው መክፈቻው ብቻ ነው፣ ለሱ የፎም ሣጥን ሠራንለት።

የሸራው ማሰሪያ ቋሚዎች ያስፈልጉ ነበር። በረቱ ጀርባ የደረቀ ጥድ ቆሟል። ባለቤቴ መጋዙን ሲያነሳ የልጅ ልጃቸው "ቆይ" አለና ዛፉን ከላይ እስከ ታች ዞሮ አየው፣ ልጡን በእጁ እየዳሰሰ። መብረቅ የመታው እንጨት አይነካም፣ አይነድም፣ ቤትም አይገባም። ይሄኛው ንጹህ ነበር። ለሌላ ቤት እንጨት ስንወስድም አሁን እንዲሁ ነው የምናደርገው፤ የተሰነጠቀ ግንድ ያለበት ጭነት አንዳንድ ሰው ደጁ ላይ አያስወርድም፣ ልክም ነው፣ የሚያነድደው እሱ ነው።

ምሳ ሺማሳኒ ሰማያዊ የበቆሎ ገንፎ ሠሩልን። የጥድ ቅጠል አመድ ይገባበታል፤ ሰማያዊነቱ የሚጎላው በሱ ነው፣ ካልሲየምም አለው። የእኛን ገንፎ ይመስላል፣ ቅቤና በርበሬው ሲቀር። ባለቤቴ ሁለት ሳህን በልቶ መሀሉን ጎድጎድ አድርጎ ቅቤ ፈለገ።

ዓርብ

ፈሰሰ። ከሚገባው ቦታ ሳይሆን ከሮቶው አፍ። የእነዚህ ሮቶዎች አፍ ጥርሱ ሰፊና ሻካራ ነው፣ ከተራ የቧንቧ ጥርስ ጋር አይገጥምም። ሱቁ "ይሆናል" ብሎ የሸጠልን ማገናኛ ሁለት ዙር ይዞ ይቆማል። ቴፍሎን ብትጠቀልሉበትም አይረዳም፣ የሚያሽገው ጥርሱ ሳይሆን ጎሚኒው ነውና። ትክክለኛውን ያገኘነው ወረፋ ላይ ካወቅነው ሰው ነው፤ መኪናው ውስጥ አንድ ቆርቆሮ ሙሉ ማገናኛ ይዞ ይዞራል። ገንዘብ አልቀበልም አለ። በምትኩ ባለቤቴ ፍሬኑን አየለት።

እሱም መጀመሪያ የጠየቀን ጎሳችንን ነው። እዚህ ሰው ሲተዋወቅ አራት ይቆጥራል፤ የእናቱን፣ የአባቱን፣ የእናቱን አባትና የአባቱን አባት ጎሳ፣ በዚህ ቅደም ተከተል። አንተ የምትባለው የእናትህን ነው። ባለቤቴ በአባት እስከ ሰባት ቤት ሲደረድር ሰውዬው በጨዋነት ሰማውና "እናትህስ?" አለው። እዚያ ላይ ባለቤቴ ወደ እኔ ዞረ። የእናቱን ወገን ከሱ ይልቅ እኔ ነኝ የማውቀው።

እሑድ፣ ኖቬምበር 3

ሌሊት ሰዓት ተቀየረ፣ ከአሪዞና ጋር እኩል ሆንን። ባትሪውም መጣ፣ ቤት ውስጥ መደርደሪያ ላይ አስቀመጥነው፤ ሊቲየም ባትሪ ከዜሮ ዲግሪ በታች ሲሞላ ይበላሻል። ሥራው ግን ለነገ።

ሰኞ

ውሃ ወጣ። መጀመሪያ አየር፣ ከዚያ ትፍ ትፍ፣ ከዚያ ቡናማ፣ ከዚያ ንጹህ። ፓምፗ ስትነሳ ትጮኻለች፣ በጎቹ ደነገጡ። ሺማሳኒ ቧንቧውን ከፈቱ፣ ዘጉ፣ ከፈቱ፣ ዘጉ። ሲዘጉት ፓምፗ ዝም ትላለች፣ ያ አሳቃቸው። ከዚያ የቡና ጀበናቸውን ሞሉ።

ማፍሰሻው የሚሄደው ወደ ኮኳ ነው። ይህ የሳቸው ትዕዛዝ ነው፣ የቦዩን አቅጣጫ በዱላቸው መሬት ላይ የሠሩት እሳቸው ናቸው። ያቺ ዛፍ ዘሯ ከካንየን ደ ሼይ ነው። በ1864 በኪት ካርሰን የሚመራው የአሜሪካ ጦር ናቫሆዎቹን አስርቦ ለማስወጣት እዚያ ሸለቆ ውስጥ በሺዎች የሚቆጠሩ የኮክ ዛፎችን ቆረጠ፣ ሕዝቡም በእግሩ ኒው ሜክሲኮ ውስጥ እስካለው የጦር ሰፈር፣ እስከ ፎርት ሰምነር፣ ተነዳ። በ1868 ሲመለሱ እንደገና ተከሉ። ልጁ "እጣቢው ለሷ ነው፣ ሌላ ቦታ ቢሄድ አያቴ ላቫንዲኖውን ያስነቅሉታል" ብሎ አስቀድሞ ነግሮን ነበር።

ለምረቃው ባለቤቴ በእንጨት ምድጃቸው ላይ ቡና ቆላ። ሺማሳኒ ጭሱን በእጃቸው ወደ ፊታቸው ሳቡት። ሲኒ ሲሰጣቸው ግን ወደ ልጁ ዞረው አንድ ነገር ጠየቁ።

"ይሄ መቅመሻው ነው ወይ?"

በትልቁ ማጋቸው ቀዳንላቸው።

ሐሙስ

ሁለት ነገር ይቀራል። ፓምፗ ሌሊት እየተነሳች ትቀሰቅሳቸዋለች፤ ቧንቧ ሳይከፈት የምትነሳ ከሆነ የሆነ ቦታ ጠብ ይላል ማለት ነው፣ ወይም ግፊቱን የምትይዝ ትንሽ ማጠራቀሚያ ታንክ ያስፈልጋታል። መጀመሪያ ሁሉንም ቀለበት በደረቅ ሶፍት እንዳስሳለን። ከሥሯ ደግሞ የጎማ ቁራጭ ይገባል።

ሁለተኛው እህታቸው ናቸው። ትናንት መጥተው ቧንቧውን ከፍተው ዘግተው አዩና የኔስ መቼ ነው አሉ። በዊልቸር ነው የሚሄዱት፣ ስለዚህ የሳቸው ከ34 ኢንች መብለጥ የለበትም፣ ከሥሩም ጉልበት እንዲገባ 27 ኢንች ክፍት፣ ማፍሰሻው ወደ ግድግዳው የተጠጋ። የት እንደሚቀመጥ ገና አልተነጋገርንም። ባለቤቴ ቅዳሜ ሜትሩን ይዞ ሲሄድ መጀመሪያ በየትኛው መስኮት እንደሚያዩ ይጠይቃቸዋል። ለጋላፕ ደግሞ የተጻፈው ይኸው፦ ትክክለኛው የሮቶ ማገናኛ ከነጎሚኒው፣ ፔክስ፣ ቀለበት፣ ወንፊት፣ በረኪና፣ ሌላ ፓምፕ።